በጥንታዊ ድልድይ ጠረጋ ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጢስ ዓባይ አጠገብ እንደተሠራው የአላታ ድልድይ ያሉ የድንጋይና የኖራ ግንቦች ዘመናት የጎርፉን ጉልበት ችለው ኖረዋል። ደለልና ዛፍ ለማንሳት የገባ ኤክስካቫተር ግን በግማሽ ቀን ሊያበላሻቸው ይችላል።

ባለሙያውን ዘግይቶ መጥራት። የአርኪዮሎጂ ባለሙያው የሚያስፈልገው ቅርስ ከተገኘ በኋላ አይደለም። ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱ ቅስትና ምሰሶ ከመለኪያ ዘንግ ጋር ፎቶ ይነሳል።

ጥርስ ባለው ባኬት (በኤክስካቫተሩ መዛቂያ) አፈር መላጥ። ጥርሱ የድሮውን የመንገድ ንጣፍ ገልብጦ ያወጣዋል። አፉ ለጥ ያለ ባኬት ይገጠም፤ በአንድ ጊዜ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ አይላጥ። ኦፕሬተሩ ወደ ኋላ እየሸሸ ይሥራ፣ የተላጠውን መልሶ እንዳይረግጠው። ባለሙያው እጁን ሲያነሳ ማሽኑ ወዲያው እንዲቆም አስቀድመው ይስማሙ።

ከምሰሶው ሥር ያለውን ድንጋይ ሁሉ ፍርስራሽ ማለት። ከሁሉም የከፋው ይኼኛው ነው። ውሃው በሚመጣበት በኩል የተከመረው ድንጋይ ብዙ ጊዜ ጎርፍ መሠረቱን እንዳይቦረቡር ሆን ተብሎ የተደረደረ ነው። እሱ ከተነሳ በቀጣዩ ክረምት ምሰሶው ሊዘም ይችላል። ከቅስቱ የወደቀ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ የተጠረበ ፊትና የኖራ ቅሪት አለው፤ የመከላከያው ግን በአብዛኛው ያልተጠረበ ነው። ካጠራጠረ ጠባብ የሙከራ ጉድጓድ በእጅ ይቆፈር፤ የመሠረቱ የላይኛው ጠርዝ ሲታይ ቁፋሮው ይቁም። ከአንዱ ቅስት ብቻ ደለሉን ጠርጎ ሌሎቹን መተውም ወንዙን በሙሉ ወደዚያ ቅስት መጋበዝ ነው።

የዋርካና የሾላ ሥር መንቀል። ሥሩ የግንቡን ሆድ ሰርስሮ ድንጋዮቹን አቅፏቸዋል፤ በገመድ ሲጎተት ፊተኛውን ድንጋይ ይዞት ይመጣል። ከግንቡ ፊት እኩል በመጋዝ ይቆረጥ፣ ካቆጠቆጠ እንደገና ይቆረጥ። ሲበሰብስ ክፍተቱ በኖራ ይሞላል። ሲሚንቶ አይነካው፤ ከመጠን በላይ ይጠነክራል፣ እርጥበትም ያፍናል።

ደለሉን እንዳለ መድፋት። የየቅስቱ ደለል ለየብቻ ተከምሮ በወንፊት ይነፋ፤ ሳንቲም፣ ሚስማርና የሸክላ ስባሪ የሚገኘው እዚያ ነው። ውሃ ውስጥ የኖረ እንጨት ከወጣ ፀሐይ አያግኘው፣ ይሰነጣጠቃል፤ በእርጥብ ጨርቅና በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ይቆይ።

ሳያሳውቁና ሳይመዘግቡ መቀጠል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው እንዲጠብቅ ያዛል። ምንም ያልተገኘበት ቀንም የጠረጋው ጥልቀት ይጻፍ፤ አለበለዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያ ያልተነካውን አፈር ከተነካው መለየት ይቸገራል።