ሞዲፋይ የተደረገ መኪና ማርሽ አልቀይር ሲል፦ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ምን ይታያል?

አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ ሲያዘገይ፣ ሲመታ ወይም ሲንሸራተት ጋራዥ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል "ይውረድ" ነው። ሞተሩ ላልተነካ መኪና አንዳንዴ ልክ ይሆናል። ሞዲፋይ ለተደረገ መኪና ግን አልስማማም። ካምቢዮ የሚሠራው በሚነገረው ነው፦ ነዳጅ ምን ያህል ተረገጠ? መኪናው በምን ፍጥነት እየሄደ ነው? ቱርቦ ስትጨምሩ ወይም ሞተር ስትቀይሩ የምትነካኩት ይህንኑ ወሬ ነው። ስለዚህ ምርመራው ከውጭ ይጀመር።

የምጽፈው ለገጣፎ ግቢዬ ውስጥ፣ ቱርቦ በተጨመረበት ቶዮታ ክሬሲዳ ላይ የተማርኩትን ነው። ካምቢዮው ኤ340ኢ የሚባለው ባለ4 ማርሽ ነው፤ ከታች ያሉት ቁጥሮችም የእሱ ናቸው። የእናንተ ሌላ ከሆነ ቁጥሩን ከራሱ የጥገና መጽሐፍ ውሰዱ፤ አካሄዱ ብዙም አይለይም።

መጀመሪያ በመኪናው ላይ የተቀየረውን ሁሉ ጻፉ፤ ችግሩ ከየትኛው በኋላ እንደመጣም አስታውሱ። ጎማ ከጻፋችሁ ቶሎ ሰርዙት። የዚህ ካምቢዮ የፍጥነት ሴንሰር ያለው ካምቢዮው መውጫ ላይ ስለሆነ፣ ትልቅ ጎማ የዳሽቦርዱን ንባብ ያሳስታል እንጂ ማርሽ አያንሸራትትም።

ቀጥሎ ዘይት። መኪናው በደንብ ተነድቶ ይሙቅ፣ ሜዳ ላይ ይቁም፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይሥራ። ፍሬን ይዛችሁ ማርሹን በሁሉም ቦታ አዙሩና ወደ ፒ መልሱት፤ ከዚያ ለኩ። ቀይና ንጹሕ ከሆነ ጥሩ። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ሸራ (ማርሹን የሚይዘው የክላች ዲስክ) ተበልቷል ማለት ነው። አረፋ ካለው በዝቷል። መኪናችሁ ዝቅ ብሎ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ገብታችሁ ኮፓውን (ከካምቢዮው ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) እዩ። የእኛ ሰፈር ኮረኮንችና የፍጥነት መቀነሻ ኮፓ ይጨፈልቃል። የተጨፈለቀ ኮፓ ወደ ላይ ገብቶ የማጣሪያውን አፍ ሲዘጋው ካምቢዮው ዘይት ያጥረዋል፤ ዘይቱ ልኩ ላይ ሆኖም ይንሸራተታል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ላይ ደረስን፤ ገመዱ።

በዚህ ካምቢዮ ማርሹ መቼ እንደሚቀየር የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። የዘይቱን ግፊት የሚወስነው ግን ከትሮትል ቦዲ (ነዳጅ ሲረገጥ ለሞተሩ አየር የሚከፍተው) ወደ ካምቢዮው የሚወርድ ቀጭን ገመድ ነው። ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር ገመዱ ይሳባል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ሸራዎቹ አጥብቀው ይይዛሉ። ትሮትል ቦዲ ወይም የአየር ማስገቢያውን ስትቀይሩ የገመዱ መያዣ ቦታውን ይለቃል። ገመዱ ከላላ ሞተሩ ኃይል ሲሰጥ ግፊቱ ያንሳል፤ ሸራው እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ከጠበቀ ደግሞ ቀስ ብላችሁ ስትነዱም እያንዳንዱ ማርሽ ይመታል።

የእኔ መኪና ቱርቦ ከገባለት በኋላ ከ2 ወደ 3 ሲቀይር ሞተሩ ብቻውን ይጮህና ማርሹ ቆይቶ ይይዝ ነበር። አንድ ጋራዥ ሸራው አልቋል፣ ይውረድ አለኝ። እኔ ግን ቤት ወስጄ ገመዱን ለካሁ። ሞተሩን አጥፍቼ ታናሽ ወንድሜ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረገጠልኝ። መጀመሪያ ትሮትሉ ራሱ እስከ መጨረሻ መከፈቱን አየሁ፤ ምንጣፍ ፔዳሉን ከያዘው የሚለካው ሁሉ ውሸት ነው። ከዚያ ገመዱ ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ጉብታ ፈለግኩ። ነዳጅ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ጉብታዋ ከጎማው ሽፋን አፍ ላይ መድረስ አለባት፤ ክፍተቱ ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ነው። የእኔ ጭራሽ አልወጣችም፤ ሽፋኑ ውስጥ ተደብቃ ቀርታለች። በመያዣው ላይ ያሉትን ሁለት ብሎኖች አላልቼ የገመዱን ሽፋን ወደ ኋላ ሳብኩና አሰርኩት። መንሸራተቱ ቆመ፤ ካምቢዮው ሳይወርድ ቀረ።

አንዳንድ ልጆች ማርሹ ሲመታ ስፖርት መኪና ስለሚመስላቸው ሆን ብለው ያጠብቁታል። አታድርጉት። ልኩ ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ነው፣ በቃ።

ገመዱ ልክ ሆኖ ችግሩ ካልጠፋ ወደ ኤሌክትሪኩ ሂዱ። ሞተር ወጥቶ በገባበት መኪና ሳይታሰር የቀረ የኔጌቲቭ ሽቦ መጀመሪያ ይታይ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የኦቨርድራይቭ (የ4ኛ ማርሽ) መብራት እየነዳችሁ ብልጭ ድርግም ካለ ኮምፒውተሩ የብልሽት ኮድ ይዟል። 42 እና 61 የፍጥነት ሴንሰር ናቸው፤ 62 እና 63 የማርሽ ሶሌኖይዶች (በኤሌክትሪክ የዘይት መንገድ የሚከፍቱና የሚዘጉ ቫልቮች)፣ 64 የሎክአፕ፣ ማለትም ሞተሩንና ካምቢዮውን ቀጥታ የሚያቆላልፈው ሶሌኖይድ። ሁለቱን የማርሽ ሶሌኖይዶች በቴስተር ለኩ፤ ከ11 እስከ 15 ኦም መሆን አለባቸው። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ሶሌኖይድ ከመግዛታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉና ፒኖቹን አጽዱ።

ከሁሉም የምወደው ምርመራ መሣሪያ አይፈልግም። የሶሌኖይዶቹን ሶኬት ንቀሉና ንዱ። ኮምፒውተሩ ከጨዋታ ወጣ፤ ማርሹን የምትወስኑት በእጃችሁ ነው። ኤል ላይ 1ኛ፣ 2 ላይ 3ኛ፣ ዲ ላይ 4ኛ ማርሽ ይሆናል። ከኤል ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ እየሮጣችሁ ወደ ኤል አትመልሱ፣ ሞተር ይገድላል። በእጅ ሁሉም በደንብ ከያዙ ጥፋቱ ሽቦ፣ ሴንሰር ወይም ኮምፒውተር ጋ ነው። አሁንም ከተንሸራተተ ጥፋቱ ካምቢዮው ውስጥ ነው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ እሁድ በጠዋት ለዚህ ይመቻል፤ ግን ሰውና ከብት መንገድ ስለሚያቋርጥ አትፍጠኑ።

የሞተሩ ዙር እስከ ስንት እንደሚወጣ ለማየት ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬን ይዞ ነዳጅ እስከ መጨረሻ የመርገጡን ሙከራ አልመክርም። መጽሐፉ ራሱ ከ5 ሰከንድ በላይ አይፈቅድም፤ ዘይቱን ያፈላል። በዚያ ላይ እኛ ያለነው ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ነው። አየሩ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከመጽሐፉ ያነሰ ዙር ያሳያል፤ ደህና ቶርክ ኮንቨርተር (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው) ተበላሽቷል ተብሎ ይጣላል። በምትኩ የእጅ ፍሬን ስባችሁ በሚኒሞ ከኤን ወደ ዲ አስገቡና ማርሹ እስኪይዝ ቁጠሩ፤ ከ1.2 ሰከንድ ማለፍ የለበትም። ወደ አር ከሆነ 1.5።

ችግሩ የእንጦጦን ዳገት ስትወጡ ብቻ ከመጣ ሙቀት ጠርጥሩ። የቱርቦው ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ከራዲያተሩ ፊት ሲቆም ንፋሱን ይከለክላል፤ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካምቢዮው ይውረድ ከተባለ ኮፓው ሲከፈት አብራችሁ ቁሙ። ማግኔቱ ላይ ያለ ስስ ግራጫ ጭቃ አያስደነግጥም። ማግኔት የማይዘው ቢጫ ብናኝ የቡሽ (የዘንግ መሸከሚያ ቀለበት) ነው፤ ጥቁር ስብርባሪ የሸራ። ሥራው ሲያልቅ የዘይት ማቀዝቀዣውና ቱቦዎቹ መታጠባቸውን በዓይናችሁ እዩ፤ እዚያ የቀረው ስብርባሪ ተመልሶ አዲሱ ካምቢዮ ውስጥ ይገባል።