«እንደ አዲስ» የተባለውን የምኒልክ ብር ከመግዛታችሁ በፊት

በኢንተርኔት ጨረታ የዳግማዊ ምኒልክን ብር ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ከሻጩ መግለጫ ይልቅ ፎቶውን እመኑ። «ያልተነካ፣ የሚያብረቀርቅ» የተባለው ብዙ ጊዜ በማጽጃ የተፈተገ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ብር መጥቆሩ ተፈጥሮው ነው፤ ያ ጥላ በፍተጋ ከለቀቀ እንደ ነበረው አይመለስም፤ ሰብሳቢም ዋጋውን ይቀንስበታል። ስለዚህ ሳንቲሙ ከጎን በሚመጣ ብርሃን እየተዘነበለ የተነሣ ቪዲዮ ጠይቁ። በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ቀጫጭን ጭረቶች ካያችሁ ተፈትጓል።

ሰብሳቢዎች የሳንቲምን ይዞታ የሚመዝኑበት መለኪያ ከ1 እስከ 70 ነው፤ በገበያ ያልዞረ የሚባለው 60 እና ከዚያ በላይ ያገኘው ብቻ ነው። የዘውዱ ጌጥና የአንበሳው ጎፈር ተልጎ «ያልዞረ» ብሎ መጻፍ ገዢን ማሳሳት ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የጠርዙ ጉዳይ ነው። እናቶቻችን ብሩን በአንገታቸው ያጌጡበት ስለነበር ብዙው ማንጠልጠያ ተበይዶበታል። ማንጠልጠያው ተነቅሎ ስፍራው በሞረድ ሲስተካከል ከፊት ለፊት በተነሣ ፎቶ አይታይም፤ የጠርዙን ዙሪያ በሙሉ አስነሡ። ሚዛን ላይም ያስቀምጡላችሁ፤ ሙሉው ብር 28 ግራም ያህል ነው።

የኦስትሪያዋ ንግሥት መልክ ባለበት በማሪያ ቴሬዛ ብር ላይ ደግሞ «የ1780 ኦሪጅናል» የሚለው ቃል አያጓጓችሁ። ንግሥቲቱ በዚያው ዓመት ከሞተች በኋላ የተመታውም ሁሉ የሚይዘው ያንኑ 1780 ነው።