ውጭ አገር ኢንጂነሪንግ ልትማሩ ነው? ከመዝጊያው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲው ስም ነው። ስሙን ይወደዋል፣ ፎርሙን ይከፍታል፣ ሲሞላ ሲሞላ ይቆይና ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ውጤት ይጠየቃል። አለቀ። ስሙ ይቆያችሁ፣ መጀመሪያ ገንዘቡንና ቀኑን እዩ።

አገሩን የሚመርጥላችሁ ገንዘብ ነው። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ የውጭ አመልካችንም ቢሆን «መክፈል ይችላል ወይ?» ብሎ አይመዝንም፣ ከተቀበላችሁ የጎደለውን ይሞላል። እንዲህ የሚያደርጉት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሌሎች ብዙዎቹ ጋር ድጋፍ መጠየቅ ራሱ የመግባት ዕድልን ያጠባል። «ጀርመን ነፃ ነው» የሚባለውንም በደፈናው አትመኑ። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፣ እውነት ነው፤ የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ግን ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡ አዲስ ተማሪዎችን ያስከፍላል። ለቪዛውም የዓመት መኖሪያ ገንዘብ በዝግ ሂሳብ (በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሂሳብ) ማሳየት አለ። በዚያ ላይ የመጀመሪያ ዲግሪ ኢንጂነሪንግ እዚያ በአብዛኛው የሚሰጠው በጀርመንኛ ነው። ቋንቋ ደግሞ በሁለት ወር አይገፋም።

አሁን ቀኑ። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ የሚዘጉት ጥቅምት መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 15 ነው። አሜሪካ ቀድሞ ማመልከት ብዙ ጊዜ ኖቬምበር 1 ላይ፣ መደበኛው ደግሞ በጃንዋሪ መጀመሪያ አካባቢ ይዘጋል። ከዚያ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ኤስኤቲን (የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያ ፈተና) ሁለቴ ለመፈተን ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድማችሁ መነሳት አለባችሁ። የአይኤልትስና የቶፍል ውጤት የሚያገለግለው 2 ዓመት ብቻ ስለሆነ ያለልክ መቸኮልም አያዋጣም።

ፈተናው እንደየአገሩ ነው። የኤስኤቲ ሒሳብ 44 ጥያቄ በ70 ደቂቃ ነው፣ ካልኩሌተሩ እዚያው ስክሪኑ ላይ ስላለ እሱን መላመድ የዝግጅቱ ግማሽ ነው። የካምብሪጅና የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ ኢሳት፣ ግን ካልኩሌተር የሚባል ነገር አያስገባም። ሁለቱንም የምታስቡ ከሆነ በእጅ መሥራትን አስቀድሙ። በእጁ የሚሠራ ካልኩሌተሩን በሳምንት ይለምደዋል፤ ግልባጩ ግን ከባድ ነው።

ድርሰቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ማሽን እወዳለሁ» ብላችሁ አትጀምሩ፣ በእናታችሁ! ኮመን አፕ (ለብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ፎርም የሚያመለክቱበት ድረ ገጽ) የሚሰጣችሁ 650 ቃል ነው። አንድ የተበላሸ ነገር ይዛችሁ ግቡ። ቬንትሌተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም እንበል። ሞተሩ ተቃጥሏል ብላችሁ ፈታችሁት፣ ጠመዝማዛው ሽቦ ደህና ነው። ገጥማችሁ ክንፉን በእንጨት ገፋ ስታደርጉት ግን ተነሳና መዞር ጀመረ። ለካ የጎደለው የማስነሻ ጉልበት ነው፣ ጥርጣሬው ሞተሩን ለማስነሳት ወደሚረዳው ካፓሲተር ዞረ። የተሳሳተው ግምታችሁን አትደብቁት። አንባቢው ማየት የሚፈልገው ከአንዱ ግምት ወደ ሌላው እንዴት እንደተሻገራችሁ ነው፤ ሜዳሊያ ያለው ሰውማ ሞልቷል።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁን መምህር ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ጠይቁ። እሱ ክፍል የሠራችሁትን ሁለት ሦስት ነገር በወረቀት አስታውሱት፣ አለበለዚያ «ጎበዝና ጨዋ ተማሪ ነው» ብሎ ይገላገላችኋል።

አሜሪካ ለምትሄዱ፣ ፕሮግራሙ የኤቤት (የኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞችን ጥራት የሚመዝን ድርጅት) እውቅና እንዳለው እዩ። እውቅናው የሚሰጠው ለፕሮግራሙ እንጂ ለዩኒቨርሲቲው በጅምላ አይደለም፣ ስለዚህ የምትፈልጉትን የትምህርት ክፍል በስሙ ፈልጉት።

የመጨረሻው ተራ ነገር ይመስላል። ፓስፖርት፣ ትራንስክሪፕትና የፈተና ምዝገባ ላይ ስማችሁ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። አንዱ ላይ ድርብ «ኤስ» ሌላው ላይ ነጠላ ከሆነ ዛሬውኑ አስተካክሉ፣ ምክንያቱም አይ-20 (ለአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ዩኒቨርሲቲው የሚሰጣችሁ ቅጽ) የሚወጣው በፓስፖርቱ ስም ነው፣ የቪዛ ቀጠሮ ይዞ ፊደል ለማስለወጥ መሯሯጥ ደግሞ ያንገበግባል።