ጎንደር ላይ የፍሳሽ ማጣሪያ ባክቴሪያዎች ሲዳከሙ፦ ችግርና መፍትሄ

ከጎንደር የሚወጣው ፍሳሽ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች አድርጎ የመገጭን ወንዝ ይቀላቀልና ጣና ይገባል። እምቦጭን ከሚቀልቡት ነገሮች አንዱ ናይትሮጅን ነውና፣ የሆቴልም ሆነ የሆስፒታል ማጣሪያ ሲታመም ዳፋው ሐይቁ ድረስ ይደርሳል።

ምልክት፦ በሚወጣው ውሃ ውስጥ አሞኒያው (ናይትሮጅን ያለበት ውህድ) አልቀነሰም

በመጀመሪያ አየሩን ይጠርጥሩ። አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ ባክቴሪያዎቹ 4.6 ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ በባሕር ጠለል ላይ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው ወደ 7 ገደማ ነው። የአየር መንፊያውን የሸጠልዎት ሰው የከተማዋን ከፍታ ካልጠየቀ፣ ሒሳቡን በትክክል አልሠራውም ማለት ነው።

በገንዳው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይለኩ። በሊትር 2 ሚሊግራም ካልደረሰ የተደፈኑትን የአየር ማሰራጫዎች ያጽዱ፤ ካልበቃ መንፊያ ይጨምሩ። አየሩ በቂ ሆኖ ውሃው ወደ አሲድነት ካዘነበለ ኖራ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። በረኪና በብዛት ወደ ፍሳሹ የሚደፋ ከሆነም ያስቁሙ።

የጥምቀት ሰሞን ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። እንግዳው የሚበዛው ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ወር ነው፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች ደግሞ በብርድ በጣም ቀስ ብለው ይራባሉ። ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት በዝቃጩ ውስጥ ስለሆነ፣ ከበዓሉ ሳምንታት አስቀድመው የሚያስወግዱትን ዝቃጭ ይቀንሱና ቁጥራቸው ይጨምር። በፓኬት የሚሸጥ ባክቴሪያ አየር ላጣ ገንዳ መድኃኒት አይሆንም፤ ገንዘብዎን ለመንፊያው ያውሉት።

ምልክት፦ አሞኒያው ጠፍቶ ናይትሬቱ ቀረ፤ ወይም ዝቃጩ በማረፊያው ገንዳ ላይ ተንሳፈፈ

ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች አየር የሌለበት ቦታና ምግብ ይሻሉ። ከጥሬው ፍሳሽ ከፊሉን በቀጥታ ወደ እነሱ ገንዳ ይምሩ፤ ሞላሰስም ያገለግላል። የሚንሳፈፈው ዝቃጭ ይህ ሥራ ያለ ቦታው እየተሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው፤ ዝቃጩን ቶሎ ቶሎ ከማረፊያው ወደ ማጣሪያ ገንዳዎቹ ይመልሱት።

ምልክት፦ አየር ከማይገባበት ዝግ ገንዳ የሚወጣው ውሃ ሲወድቅ አረፋ ያወጣል

በውሃው የሟሟ ሚቴን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ እያመለጠ ሊሆን ይችላል። ሚቴን ሽታ የለውም፤ ውሃው በቀዘቀዘ መጠንም አብዝቶ ይሟሟል። ውሃው ከከፍታ እየወደቀ እንዳይረጭ ቱቦውን ከገንዳው ወለል ዝቅ አድርገው ያስገቡት። ሚቴንን በኦክስጅን የሚበሉ ባክቴሪያዎች አየር በሚነፋበት ገንዳ ውስጥ አሉ፤ ትልልቅ አረፋ ግን ጋዙን ሳይበሉት ጠርጎ ያወጣዋል፤ ደቃቅ አረፋ ይሻላል።

በ2010 እ.ኤ.አ. በሳይንቲስቶች የተገለጸችው ሜቲሎሚራቢሊስ የተባለች ባክቴሪያ ደግሞ ሚቴንን በናይትራይት (አሞኒያ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ በመካከል በሚፈጠረው ውህድ) አማካይነት ታቃጥላለች፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ታስወግዳለች። በእጥፍ ለመራባት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅባት ውሃው ጠርጎ እንዳይወስዳት የምትጣበቅበት የፕላስቲክ ማደሪያ ያስፈልጋታል። አሠራሩ ገና ከሙከራ ብዙ አልራቀም፤ ናይትሮጅንንና ሚቴንን አንድ ላይ የሚያስወግድ ማጣሪያ ለማሠራት የሚያስቡ ግን ከወዲሁ ቦታ ይተዉላት። የገንዳ ክዳን ሲከፍቱ በአቅራቢያዎ እሳትም ሲጋራም አይኑር፤ ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ የተቀላቀለ ሚቴን ይፈነዳል።