ኤስኤቲ ወይስ ኤሲቲ? መጀመሪያ ሰዓት ይዛችሁ ሞክሩት

የእህቴ ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ እናቷ ደወለችልኝ። «አንተ ሒሳብ ታስጠና የለ፤ ለአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ከኤስኤቲና ከኤሲቲ የትኛውን ትፈተን?» ሳላስብ «ኤስኤቲ» አልኳት። ምክንያቴ አንድ ነው፤ እኔ የተፈተንኩት እሱን ስለነበር። ልጅቷ በእኔ ወሬ ሁለት ወር ደከመች።

እናንተ እንዲህ አታድርጉ። አንድ ቅዳሜ የኤስኤቲን፣ በሚቀጥለው የኤሲቲን ሙሉ የልምምድ ፈተና ሥሩ። ጠዋት ይሁን፣ ሰዓት ይያዝ፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ሁለቱም ነጻ ልምምድ አላቸው። የኤስኤቲው ብሉቡክ የሚባለው መተግበሪያ ውስጥ ነው፤ ዋናው ፈተናም የሚሰጠው በሱው ነው።

ዋናው ልዩነት ፍጥነቱ ነው። የኤስኤቲ ሒሳብ 44 ጥያቄ በ70 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይደርሳል። ኤሲቲ በ2025 ቢያጥርም ሒሳቡ አሁንም 45 ጥያቄ በ50 ደቂቃ ነው። እንግሊዝኛው ደግሞ 50 ጥያቄ በ35 ደቂቃ። ሳይንሱ በምርጫ ሆኗል።

ንባቡም ይለያያል። ኤስኤቲ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አጭር ጽሑፍ ይሰጣል፤ ኤሲቲ በአንድ ረጅም ጽሑፍ ላይ ብዙ ጥያቄ ይደረድራል። የእህቴ ልጅ በኤስኤቲው ተማረረች፤ «በየጥያቄው አዲስ እንግዳ ይመጣብኛል» አለችኝ። ረጅሙ ውስጥ አንዴ ከገባች ግን አትቆምም። ኤስኤቲ ሌላም ጠባይ አለው፤ ንባቡም ሒሳቡም በየራሳቸው ለሁለት ምድብ ይከፈላሉ፤ የመጀመሪያውን ምድብ እንዴት እንደሠራችሁ አይቶ የሁለተኛውን ክብደት ይወስናል። ሁለተኛው ከተጀመረ ወደ መጀመሪያው ምድብ መመለስም የለም።

ውጤታችሁን በማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ እዩት። የኤሲቲ 30 ከኤስኤቲ 1370 ጋር ይገጥማል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ያላደከማችሁን ያዙ፤ እኔ እንደዚያ ነው የምለው። የምታመለክቱበትንም አጣሩ። ኤም አይ ቲ ውጤት የግድ ይላል፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግን ለቅበላ ጨርሶ አያየውም።

ከመረጣችሁ በኋላ ፈተና መደራረቡን ተዉት። በሁለት ሳምንት አንድ ሙሉ ፈተና ይበቃል። የቀረው ጊዜ ለስህተት ደብተር ነው። ከእያንዳንዱ ስህተት ጎን ከሦስቱ አንዱን ጻፉ፦ «አላወቅኩትም»፣ «ቸኮልኩ»፣ «ጥያቄውን አላነበብኩም»። የእህቴ ልጅ ደብተር በሦስተኛው ተሞላ። የኤክስን እጥፍ ሲጠይቋት ኤክስን ፈልጋ አግኝታ፣ ደስ ብሏት ታልፋለች! ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የጥያቄውን የመጨረሻ መስመር እንድታነብ አደረግኳት። አልጀብራ ማስጠናት አላስፈለገኝም።

ኤስኤቲ ከሆነ ምርጫችሁ፣ ከፈተናው በፊት ባሉት ቀናት ብሉቡክ ላይ የፈተና ዝግጅቱን ጨርሱ፤ የመግቢያ ወረቀቱ የሚገኘው ከዚያ ነው። ኮምፒውተሩን ሞልታችሁ ቻርጀሩንም ያዙ።

አንድ ነገር ልርሳው ነበር። በአንዱ ልምምድ አራት ጥያቄ ባዶ ትታ አየሁ። «ምነው?» ስላት፣ «እንዳይቀነስብኝ፤ አንተ ነህ የነገርከኝ» አለች። እውነቷን ነው። በእኔ ጊዜ ኤስኤቲ ለስህተት ሩብ ነጥብ ይቀንስ ነበር። ያ በ2016 ቀርቷል፤ ኤሲቲም አይቀንስም። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የቀረውን ሁሉ ገምታችሁ ሙሉት።