ከወሎ ወደ ኢቫንስተን፦ ሐይቅ ዳር ባለች የዩኒቨርሲቲ ከተማ ኑሮ ለምትጀምሩ

ይህን የምጽፈው ለእረፍት በመጣሁባት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ተቀምጬ ነው። አገር ቤት በገባሁ ቁጥር ቪዛ የተመታላቸው ልጆችና ወላጆቻቸው ቡና አፍልተው ስለምኖርበት ስለ ኢቫንስተን ይጠይቁኛል። አንዱ ዲቪ የደረሰው፣ አንዷ ባሏን የምትከተል፣ ሌላው ለሁለተኛ ዲግሪ የሚሄድ ነው። የሁሉም ጥያቄ «ለኑሮ ይመቻል ወይ?» የሚል ነው። ይመቻል፤ የሚመቸው ግን ጠባዩን ላወቀ ሰው ነው። እዚያ ከተማ ኑሮን የሚያዙት ሐይቁና ዩኒቨርሲቲው ናቸው። ሐይቁ አየሩን ይወስናል። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የቤት ኪራዩን፣ ሥራውን፣ የጎረቤታችሁን መምጣትና መሄድ ሳይቀር ይወስናል።

ኢቫንስተን ከቺካጎ መሀል ከተማ በስተሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር የተዘረጋች፣ 78,000 ገደማ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ1851 ነው፤ ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። ከተማዋ የተቆረቆረችው በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ሲሆን ስሟንም ያገኘችው ከመሥራቾቹ አንዱ ከነበረው ከጆን ኢቫንስ ነው። በ1855 የተሻሻለው የዩኒቨርሲቲው ቻርተር ተቋሙን ከንብረት ግብር ነፃ አደረገው፤ በአራት ማይል ዙሪያም መጠጥ እንዳይሸጥ ከለከለ። ለዚህም ነው ኢቫንስተን እስከ 1972 ድረስ መጠጥ የማይሸጥባት ከተማ ሆና የቆየችው። ዛሬ መጠጡ ይሸጣል፤ የግብሩ ነገር ግን እስከ አሁን ያከራክራል። የቤት ባለቤቶች በየዓመቱ ከፍተኛ ግብር ይከፍላሉ፤ ያም ዞሮ ዞሮ ተከራዩ ትከሻ ላይ ያርፋል።

ሐይቁን በተመለከተ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አለ፤ በተለይ ሐይቅ ከተማና አርዲቦ ዳር ላደጋችሁ። እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ ቆሞ ማዶውን ያየ ሰው ውሃን አውቃለሁ ማለቱ አይቀርም። ሚሺጋን ግን 58,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጣናን ከአሥራ አምስት ጊዜ በላይ ይይዛል። ማዶው አይታይም። ማዕበል አለው፤ ዋናተኛን ከዳር ወደ ውስጥ ጎትቶ የሚወስድ ጅረትም አለው። በ1860 ሌዲ ኤልጊን የተባለች መርከብ ከዚሁ ዳርቻ ባሻገር ተገጭታ ሰጥማ ወደ 300 የሚጠጋ ሰው አልቋል። በከተማዋ ሰሜን ጫፍ የምታዩት የግሮስ ፖይንት መብራት ማማ በ1873 የተሠራው መርከቦችን ከእንዲህ ያለ አደጋ ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ በሙቀቱ ወራት ነፍስ አድን ሠራተኞች ባሉበት የባሕር ዳርቻ ብቻ ዋኙ። ልጆቻችሁን ከሁሉ አስቀድማችሁ ዋና አስተምሩ፤ ከተማው ውስጥ ባለው ዋይኤምሲኤ (እኛ ወወክማ የምንለው) ትምህርቱ ይሰጣል። ግንቦት ውስጥ ፀሐዩ ሞቀ ብላችሁ ውሃው ውስጥ እንዳትገቡ። ውሃው የሚሞቀው ቀስ ብሎ ስለሆነ እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ ትንፋሽ ያሳጣል።

በጥርና በየካቲት ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ማዕበሉ የሚረጨው ውሃ ዳር ዳሩን እየረጋ ይከመርና ነጭ ኮረብታ ይሠራል። ላዩ ላይ አሸዋና በረዶ ስለሚያርፍበት መሬቱ እስከዚያ የዘለቀ ይመስላል። ሥሩ ግን ባዶ ነው፤ ከታች ውሃው ሲንቀሳቀስ ጆሮ ለሰጠ ሰው ይሰማል። ፎቶ ለመነሣት የሚወጡ ሰዎች አሉ። እናንተ አትውጡ። ከዳር ሆኖ ማየት ይበቃል፤ እጅግም ያምራል።

አሁን ወደ ቤት። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በግቢ መኖሪያ እንዲያሳልፉ ይጠበቅባቸዋል። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ወጥተው ይከራያሉ፤ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ይጨመሩበታል። ትምህርት የሚጀመረው መስከረም አጋማሽ አካባቢ ነው፤ የሚዘጋው ሰኔ ላይ። በግቢው አቅራቢያ ያለው የኪራይ ውል ብዙውን ጊዜ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቤት ልፈልግ ያለ ሰው ከሺህ ተማሪ ጋር ይጋፋል። ሰኔ ላይ የደረሰ ግን ተማሪዎች ለእረፍቱ ወራት ትተውት የሚሄዱትን ክፍል ከነዕቃው በቀነሰ ዋጋ ሊያገኝ ይችላል። ታዲያ የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ ሳታዩ፣ ክፍሉንም በዓይናችሁ ሳትመለከቱ ሳንቲም እንዳትልኩ። ከዚህ ከደሴ ሆኖ በስልክ ቀብድ መክፈል ፈጽሞ አያስፈልግም።

የብድር ታሪክ የሌለው አዲስ መጤ ዋስ ይጠየቃል። ቤተሰብ ካላችሁ ከግቢው ራቅ በሉ፤ በሜይን ጎዳናና በሃዋርድ ጎዳና መካከል ያለው ደቡባዊ ክፍል፣ ከድንበሩ ወዲያ ያለው የቺካጎው ሮጀርስ ፓርክ፣ በምዕራብ በኩልም ስኮኪ የተሻለ ዋጋ አላቸው። ሰኔ ላይ ተማሪዎች ሲለቁ ከየሕንፃው ጀርባ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ፣ መብራት ተቆልሎ ታያላችሁ። የእንጨቱንና የብረቱን ያለ ሐፍረት ውሰዱ። ፍራሽና ሶፋ ግን አትንኩ፤ ትኋን አንድ ጊዜ ከገባ ማስወጣቱ ከአዲስ ሶፋ ይበልጣል።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ስለ ቡና። በእያንዳንዱ አፓርታማ የጭስ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ቡናው መቆላት ሲጀምር፣ ዕጣኑም ሲታከልበት ይጮሃል። በአንዳንድ ሕንፃዎች ጩኸቱ የእሳት አደጋ መኪና ይጠራል፤ ጎረቤት ሁሉ በበረዶ ውስጥ ደረጃ ይወርዳል። መስኮት ከፍታችሁ፣ የምድጃውን አየር ማስወጫ አብርታችሁ ትንሽ ትንሽ ቁሉ። የማስጠንቀቂያውን ባትሪ መንቀል ግን የእናንተንም የጎረቤቶቻችሁንም ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል። ከሰል በቤት ውስጥ ፈጽሞ አይቀጣጠልም፤ በተዘጋ ቤት ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይሰጥ ይገድላል። ይህን ለእናቶቻችን ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

ከሻንጣው ጋር የተያያዘ ሌላ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ በሶውን ያዙ። ቋንጣ አይገባም። ጫት በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው፤ ለወዳጃ ዱዓ ነው፣ ለራሴ ነው ቢሉ የሚሰማ የለም። ለአንድ እስር ጫት ተብሎ የመኖሪያ ፈቃድ ሊበላሽ ይችላል።

በረዶው ወቅት ላይ ከብርዱ ይልቅ ሰውን የሚጎዳው ጨለማው ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። ሰኔ ላይ ግን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ብርሃን አለ። ሙስሊም ወገኖቼ፣ የሶላት ሰዓት ከወቅት ወቅት እንዲህ ስለሚለያይ በአገር ቤት ልማድ አትመሩ። ረመዳን በመጪዎቹ ጥቂት ዓመታት በብርዱ ወራት ስለሚውል ጾሙ አጭር ነው። ሥራ ላይ ሆናችሁ መግሪብ ስለሚደርስባችሁ ግን ቴምራችሁን በኪስ ያዙ፤ አለቃችሁንም አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። እንቅልፍ እንቢ ቢላችሁ፣ ወይም ምክንያቱ የማይታወቅ ኀዘን ቢጫናችሁ የእምነት ድክመት አድርጋችሁ አትቁጠሩት፤ የብርሃን እጥረት ያመጣዋል። ለሐኪም ንገሩ፤ እኩለ ቀን ላይም በየቀኑ ወጣ ብላችሁ ተራመዱ። ዩኒቨርሲቲው በ1960ዎቹ ሐይቁን በአፈር ሞልቶ ያስፋፋው የግቢው ክፍል ለማንም ክፍት ነው፤ መታወቂያ የሚጠይቃችሁ የለም። ለካፖርትና ለጫማ ሰልባጅ ቤቶቹ ይበቃሉ፤ ጥሩ ጥሩውን ባለሀብቶቹ እዚያ ይሰጣሉ።

መጓጓዣው የተመቸ ነው። ሐምራዊው መስመር ባቡር ኢቫንስተንን አቋርጦ ሃዋርድ ጣቢያ ያደርሳል፤ በሥራ ቀናት መግቢያና መውጫ ሰዓት ደግሞ መሀል ቺካጎ ድረስ ይዘልቃል። ከሃዋርድ ቀዩን መስመር ይዛችሁ ኤጅወተር ስትወርዱ ብሮድዌይ ጎዳና ላይ የሀበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። ዴቮን ጎዳና ላይ የሐላል ሥጋ ቤቶች ተደርድረዋል። በ1984 የተመሠረተው የቺካጎ የኢትዮጵያውያን ማኅበርም በዚያው በሰሜን ቺካጎ ነው፤ ለአዲስ መጤዎች ምክርና ድጋፍ ይሰጣል።

ልጆች ያላችሁ ደስ ይበላችሁ። ከተማው በሙሉ የሚጠቀመው አንድ የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ የሐኪሙ ልጅም የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅም አንድ ክፍል ይቀመጣሉ። ለእናንተ ለራሳችሁ ግን የኖርዝዌስተርን ሕንፃ በየቀኑ በዓይናችሁ ስር መዋሉ ተስፋ እንዳያስቆርጣችሁ። የእኛ ሰው በር ኦክተን ኮሌጅ ነው፤ የኢቫንስተን ነዋሪ በአካባቢ ነዋሪ ክፍያ ይማራል፤ እንግሊዝኛውም አለ፤ የነርስ ረዳትነቱም አለ። ኦሪንግተን ጎዳና ላይ ያለው የከተማው ቤተ መጻሕፍትም ሞቃት፣ ጸጥ ያለ፣ ኮምፒውተሩ በነፃ የሆነ ቤት ነው።

ጎረቤቶቻችሁን በተመለከተ አንድ ታሪክ ዕወቁ። በከተማዋ ምዕራብ በኩል የሚኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን እዚያ የሰፈሩት በምርጫቸው ብቻ አይደለም። ለአሥርተ ዓመታት ሌላ ሰፈር ቤት እንዳይገዙ ተከልክለዋል። ከተማው ይህን አምኖ፣ ከ1919 እስከ 1969 ድረስ ለነበሩ ጥቁር ነዋሪዎችና ለተወላጆቻቸው 25,000 ዶላር የቤት ድጋፍ ለመስጠት በ2021 ወስኗል፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው። እናንተ ዛሬ የትም ሰፈር የምትከራዩት እነሱ በከፈሉት ትግል ነው። «እኛ ሌላ ነን» የሚል ወሬ ከሰማችሁ አትቀላቀሉ። ሰላምታ ስጡ፤ አብራችሁ ብሉ።

ተማሪው ጎረቤት መልካም ነው፤ ግን ሰኔ ላይ ይሄዳል። ወዳጅነታችሁን በሙሉ በእነሱ ላይ ብትመሠርቱ በየዓመቱ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። የሚቀሩትን ፈልጉ፤ የአውቶቡስ ሹፌሩን፣ የሆስፒታል ሠራተኛዋን፣ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩትን አሮጊት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅሬ፣ ማለትም ዕድር፣ ይኑራችሁ። በአቅራቢያችሁ ያለ ካገኛችሁ በመጀመሪያው ደሞዝ ግቡ፤ ከሌለ አምስት ስድስት ቤተሰብ ሆናችሁ ጀምሩ። አስከሬን አገር ቤት ለመላክ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል፤ በሐዘን ቀን ደግሞ ገንዘብ መለመን ከባድ ነው። እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ ይሁን፤ እዚህ ደሴ እንደምንኖረው። መዝገብ ይኑረው፤ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ወርኃዊ መዋጮው በባንክ ሒሳብ ይቀመጥ። ስብሰባው እሑድ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፤ ያኔ ደሴ ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ቤተሰብም በስልክ ይገኛል። አብሽሩ።