ለፕሪሊም ዓመት ስታመለክቱ በሪኮመንዴሽን ሌተር የሚሠሩ ስህተቶች

አሜሪካ ለሬዚደንሲ (ለስፔሻሊስትነት ሥልጠና) ከምታመለክቱት መካከል ራዲዮሎጂ፣ አንስቴዥያ፣ ኒውሮሎጂ ወይም ደርማቶሎጂ የምትፈልጉ ካላችሁ ይሄ ለእናንተ ነው። በእነዚህ ዘርፎች ብዙ ፕሮግራሞች የሚቀበሏችሁ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት በውስጥ ደዌ ወይም በቀዶ ሕክምና ፕሪሊም (ለአንድ ዓመት ብቻ የሚሠራ ኢንተርንነት)፣ አለዚያም በተለያዩ ክፍሎች በሚዞሩበት ትራንዚሽናል ዓመት መጨረስ ይጠበቅባችኋል። ስለዚህ ማመልከቻችሁን የሚያነቡት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ የዋናው ስፔሻሊቲና የመጀመሪያው ዓመት ፕሮግራሞች። ሰው ግን ሐሳቡም ጉልበቱም ዋናው ስፔሻሊቲ ላይ ስለሚያልቅ ለፕሪሊሙ ማንም የማያስብበት ደብዳቤ ይላካል። ጎበዝ ጎበዝ ልጆች በዚህ ሲጎዱ ማየት ያናድደኛል፤ መፍትሔው ከባድ አይደለማ።

ለደርማቶሎጂ የተጻፈውን ለውስጥ ደዌ መላክ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ደብዳቤው "ለደርማቶሎጂ ሬዚደንሲ ያለ አንዳች ጥርጥር እደግፋታለሁ" ብሎ ይጀምራል። መሀሉ ስለ ምርምር ነው። ሲያበቃ "ድንቅ የቆዳ ሐኪም ትሆናለች" ይላል። የሚያነበው ግን የውስጥ ደዌ ፕሮግራም ዳይሬክተር ነው። እሱ የሚፈልገው ከጁላይ መጀመሪያ አንሥቶ ለ12 ወር ዋርድ ላይ የሚሠራ ኢንተርን ነው፤ ታካሚ የሚቀበል፣ ኖት የሚጽፍ፣ ኮንሰልት የሚጠራ (የሌላ ክፍል ሐኪም የሚያማክር)፣ ሌሊት ሲደወልለት የሚነሣ። ሥጋቱም ግልጽ ነው፦ "የዚህች ልጅ ልብ ሌላ ቦታ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ተግታ ትሠራልኛለች ወይ?" ደብዳቤው ይህን ካልመለሰ የቱንም ያህል ቢያሞግሳት አይጠቅማትም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቢያንስ አንዱን ደብዳቤ ዋርድ ላይ አብሯችሁ ከሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም አግኙ፤ ለቀዶ ሕክምና ፕሪሊም ከሆነ ደግሞ ከሰርጅን። ሁለተኛ፣ የስፔሻሊቲያችሁን ሐኪም ሁለት ቅጂ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፤ አንዱ ለዋናው ዘርፍ፣ ሌላው ስለ ኢንተርንነት ብቃታችሁ የሚናገር። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፣ ምክንያቱም የሚቀየረው መግቢያውና መዝጊያው፣ ከመሀልም አንድ አንቀጽ ነው። ኢራስ (የሬዚደንሲ ማመልከቻ የሚገባበት የኦንላይን ሥርዓት) ላይ ግን እያንዳንዱ ቅጂ የራሱ መጠየቂያ ቅጽና የራሱ መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ሁለቱን በአንድ ቁጥር ማስገባት አይቻልም። ለአንድ ፕሮግራም መላክ የሚቻለው እስከ 4 ደብዳቤ ነው፤ አካውንታችሁ ውስጥ ግን ከዚያ በላይ አስቀምጣችሁ ለየፕሮግራሙ የሚስማማውን መምረጥ ትችላላችሁ።

ቅጽል የበዛበት ደብዳቤ

"ታታሪ፣ ትሑት፣ ከሰው ተግባቢ ነው።" ይሄ ስለማንም ሊባል ይችላል። አሁን ይህንን እዩት፦ "ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የስኳር ታማሚ በዲኬኤ (ደም አሲዳማ በሚሆንበት አደገኛ የስኳር ሕመም ችግር) ገባ። ተማሪው ፖታሲየሙ ወደ 2.9 መውረዱን አይቶ ኢንሱሊኑ ከመጀመሩ በፊት ሬዚደንቱን ጠራ። ጠዋት ርክክብ ላይ ምን እንደተሠራና ምን እንደቀረ ማንም ሳይጠይቀው አስረዳ።" እንዲህ ያለውን ያነበበ ዳይሬክተር ስለዚህ ልጅ ሌላ ብዙ ነገር ማወቅ አያስፈልገውም፤ ሌሊት ታካሚ ቢተውለት እንደማይሰጋ ይገባዋል።

ጸሐፊው እንዲህ ያለውን ታሪክ ከወራት በኋላ ከየት ያስታውሰው? ከእናንተ ነው የሚያገኘው። ሮቴሽኑ ሳያልቅ የሠራችሁባቸውን ሦስት አራት ኬዞች ያለ ታካሚ ስም በአጭሩ ጻፉ፣ ከሲቪያችሁ ጋር አያይዛችሁ ላኩለት። ከላይ በሁለት መስመር ፕሪሊም ምን እንደሆነና የሚያነበው ማን እንደሆነ ንገሩት። ይሄ በተለይ አገር ቤት ያሉ መምህራንን ስትጠይቁ ያስፈልጋል፤ ራሱን የቻለ የአንድ ዓመት ቅጥር መኖሩን የማያውቅ ብዙ ሐኪም አለና ዝም ካላችሁት የሚጽፈው ስለ ራዲዮሎጂ ፍቅራችሁ ነው።

ማኅተም ያለበት "ለሚመለከተው ሁሉ"

ከአገር ቤት የሚመጡ ደብዳቤዎች ላይ ደጋግሜ የማየው ነው። ከላይ የደብዳቤ ቁጥር፣ ከታች ክብ ማኅተም፣ መሀል ላይ "ዶ/ር እገሌ ከዚህ ጊዜ እስከዚህ ጊዜ በሆስፒታላችን አገልግለዋል፤ መልካም ሥነ ምግባር ነበራቸው።" ይሄ የሥራ ልምድ ማስረጃ እንጂ ሪኮመንዴሽን አይደለም። ፕሮግራሞቹ የሚፈልጉት በእጁ ያስተማራችሁ ሰው በራሱ አንደበት፣ "እኔ እንዳየሁት" ብሎ የጻፈውን ነው። የተቋሙ የራስጌ ወረቀትና የጸሐፊው ፊርማ ይኑርበት፣ ማኅተሙ አይጨምርም አይቀንስም።

ማዕረግ ማሳደድም ከዚሁ አይርቅም። ሁለቴ ኮሪደር ላይ ከተገናኛችሁት የዲፓርትመንት ኃላፊ ይልቅ አራት ሳምንት አብሯችሁ ራውንድ የዞረው ወጣት አቴንዲንግ (ኃላፊነት ያለበት ስፔሻሊስት ሐኪም) ይሻላል። የኃላፊ ደብዳቤ የግድ የሚሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ የየፕሮግራሙን መስፈርት ቀድማችሁ አንብቡ።

"አንተው ጻፈውና ልፈርምልህ"

ይሄ ብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ መምህር ሲላችሁ እንቢ ማለት እንደሚከብድም አውቃለሁ። ግን አትቀበሉት። አንደኛ ነገር ልክ አይደለም፣ ደብዳቤው የጸሐፊው ምስክርነት መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ይታወቃል፦ ሦስቱም ደብዳቤ አንድ ዓይነት አረፍተ ነገር፣ አንድ ዓይነት የሰዋስው ግድፈት ይዞ ይመጣል። "ዶክተር፣ እርስዎ በራስዎ አገላለጽ ቢጽፉልኝ ይሻለኛል፤ እንዲቀልልዎ ዋና ዋና ነጥቦቹን አዘጋጅቼ እልክልዎታለሁ" በሉ። በዚህ የሚቀየም ሰው ብዙም አላየሁም።

ይሉኝታ

"ደብዳቤ ይጽፉልኛል?" ብላችሁ አትጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ ሁሉም አዎ ይላል፤ ሳይወዱ የተጻፈ ቀዝቃዛ ደብዳቤ ደግሞ ካለመኖሩ የባሰ ይጎዳል። እንዲህ በሉ፦ "ለፕሪሊም ማመልከቻዬ ጠንካራ ደብዳቤ ለመጻፍ በደንብ ያውቁኛል ብለው ያስባሉ? ካልተመችዎ ምንም ቅር አልሰኝም።" ፊቱን አጥንቱ። "እስቲ እናያለን" ካለ አመስግናችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። እሺ ብሎ የዘገየን ሰው ማስታወስ ግን ድፍረት አይደለም። በሁለት ሳምንቱ አጭር መልእክት ላኩ፣ ካልመለሰ ደውሉ።

ጊዜውና ፖርታሉ

ፕሮግራሞች ማመልከቻ ማየት የሚጀምሩት በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ በእኛ መስከረም አጋማሽ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ላለ ጸሐፊ ይሄ እንቁጣጣሽና መስቀል የሚያዝበት ሰሞን ነው፣ መምህራን ወደየቤተሰባቸው ይሄዳሉ። ስለዚህ ሰኔ ላይ ጠይቁ፣ በነሐሴ መጨረሻ እንዲገባ ተስማሙ። ከገባም በኋላ ተጣርቶ አካውንታችሁ ላይ እስኪታይ የሥራ ቀናት ይወስዳል።

ደብዳቤውን ፖርታሉ (የኢራስ የደብዳቤ መጫኛ ገጽ) ላይ የሚጭነው ጸሐፊው ራሱ ወይም እሱ የወከለው ሰው ነው። በታሸገ ፖስታ ተቀብሎ ራስ ማስገባት የለም። በእሱ አካውንት መግባትም ፈጽሞ አይገባም፤ ካስቸገረው አጠገቡ ተቀምጣችሁ አሳዩት። መጠየቂያው ላይ ደብዳቤውን የማየት መብታችሁን መተዋችሁን ትጠየቃላችሁ፤ ተዉት። አመልካቹ ሊያየው እንደሚችል እያወቀ የተጻፈ ደብዳቤን ማንም በሙሉ ልብ አያምነውም።

ለአንድ ፕሮግራም የመደባችሁትና የተላከ ደብዳቤ ተመልሶ አይነሣም። የቆዳውን ቅጂ ለውስጥ ደዌ ፕሮግራም በስህተት ከላካችሁ አበቃ። ስትመዘግቡ "ፕሪሊም" የሚለውን ርዕሱ ላይ ጻፉ። ጠንካራ ደብዳቤ እየመጣ ከሆነም አራተኛውን ቦታ በማይረባ አትሙሉት፣ ክፍት ይቆይ።

ትንሽ የሚመስሉ

ስማችሁ። "ተስፋዬ" በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቁታላችሁ። በፓስፖርታችሁና በኢራስ ያለውን አጻጻፍ ለጸሐፊው ገልብጣችሁ ላኩለት። ከሌላ ተማሪ ደብዳቤ የተቀዳ ሲሆን ደግሞ እሷን "እሱ" የሚል፣ የሌላ ሆስፒታል ስም ሳይሰረዝ የቀረበት ያጋጥማል። ደብዳቤውን ስለማታዩት ከላኩት በኋላ ማረም አትችሉም፤ ማድረግ የምትችሉት ጸሐፊውን ቀደም ብሎ በጨዋነት ማሳሰብ ብቻ ነው።

የማች ሳምንትን መርሳት

በዋናው ስፔሻሊቲ ማች አድርጎ (በአመልካቾችና በፕሮግራሞች ምደባ ቦታ አግኝቶ) ፕሪሊም ያጣ ሰው በማርች በሚውለው የማች ሳምንት ሰኞ ይነገረዋል፤ ከዚያ በሶፕ (ባልተሞሉ ቦታዎች ላይ የሚመለከትበት ሂደት) በኩል ክፍት ለቀሩ ቦታዎች እስከ 45 ፕሮግራም ማመልከት ይችላል። ብዙ ጊዜ ክፍት ሆነው የሚገኙት የቀዶ ሕክምና ፕሪሊም ቦታዎች ናቸው። በዚያ ሳምንት ሰርጅን ፈልጎ ደብዳቤ ማስጻፍ አይታሰብም። ስለዚህ የቀዶ ሕክምና ሮቴሽናችሁ ላይ አንድ የሚያውቃችሁ ሰርጅን ካለ አሁኑኑ ጠይቁት፣ ደብዳቤው አካውንታችሁ ውስጥ ይቀመጥ። ሳትጠቀሙበት ብትቀሩም የምትከስሩት ነገር የለም፤ ጸሐፊውን ግን ማች ከወጣ በኋላ የት እንደደረሳችሁ ነግራችሁ አመስግኑት።